ከሰባት ቅርንጫፍ የተባረረችው ወለተ ሐና

እትዬ አስካለ የሞተች ዕለት ዲያቆኑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ የክርስትና ስሟን። ፍትሐት በዓለም ስም አይደረግም። ያን ቀን አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ከአማን ሰፈሮች፣ ከኻልዳም ከስዌፍየህም፣ ከማዳሟ ፈቃድ ያገኘችው ሁሉ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና መጥታለች። አሥራ አንዳችንም ተያየን። አብራት ዘጠኝ ሁዳዴ የጾመች አለች፣ ታማ ያስታመመቻት አለች፣ የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ግን የለም። አገር ቤት ወንድሟ ጋ ተደወለ። እያለቀሰ፣ እሱን የምታውቀው እናታችን ነበረች፣ እሷም ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው አለ።

ዲያቆኑ መጽሐፉን ይዞ ቆመ። ያኔ እኔ "ወለተ ሐና" አልኩ።

"ከማን ሰማሽ?"

"ከሱፐርማርኬት" ብዬ ልመልስ ስል ሳቄ መጣ። አስከሬን ፊት ሳቅሁ። ያ ጨርቅ አፌን ባይሸፍንልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ሰው ፊት አልቆምም ነበር። ሴቶቹ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው ብለው ውኃ አመጡልኝ። ሐዘኑስ ሐዘን ነበር፤ ሳቁ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

በነገራችን ላይ የሞተችው በኮሮና አይደለም። በዚያ ዓመት ሰው ሞተ ሲባል ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነበርና አስቀድሜ ልናገር። የገደላት ስኳርና የጀበል አማን ደረጃ ነው። ከመንገዱ እስከ ቤታችን ሰማንያ ስምንት ደረጃ አለ፤ እሷም በየማረፊያው የምታገኘውን ሁሉ ሰላም ሳትል አታልፍም ነበር።

እትዬ እላት እንጂ አንቱ አልላትም። ገና ቤት የተጋራን ሰሞን ብሞክር፣ "አንቱ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል" ብላ ከለከለችኝ። አጭር ናት፤ ስትሄድ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፤ ካሮጌ ቀሚሷ ገበር የሰፋችው አበባ አበባ ያለበት ጭንብል አላት። መጨበጥ ከቀረ ወዲህ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ግማሽ ወገቧን ጎንበስ ትላለች፤ የገባችበት ቤት ሰው ሁሉ መልስ እስኪሰጣት ድረስም ቀና አትልም። ሆስፒታል ሊፍት ውስጥ "ሦስተኛ ፎቅ" ለምትለዋ ድምፅ እንኳ አንገቷን ሰበር ስታደርግላት በዓይኔ አይቻለሁ። "ሰላም ሳትይ የገባሽበት ቤት ስትወጪ አያውቅሽም" ትለኝ ነበር።

ይቺን ሴት ነው እንግዲህ ሰላይ ያደረጓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አስካለ ከሰው ቤት ወጥታ በሰዓት ማጽዳት ከጀመረች ቆይታለች፤ ወረቀቷ ግን አሁንም በኻልዳዋ ማዳም ስም ነው። ኢቃማዋን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷን፣ በየዓመቱ የምታሳድስላት እሷ ናት። ማዳም ካልፈረመች እትዬ አስካለ በአማን መሬት ላይ የለችም። የማዳም ልጅ ዲና ደግሞ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በእትዬ አስካለ እጅ ያደገች ናት። ትምህርቷን ጨርሳ አንዲት ትንሽ ቢሮ ከፈተች። ቢሮዋ ስውር ደንበኛ የሚባል ነገር ይልካል። ገዢ መስለሽ ሱቅ ትገቢያለሽ፤ ሠራተኛው እንዴት እንደሚያስተናግድሽ ታያለሽ፤ ወጥተሽ በስልክሽ ቅጽ ትሞያለሽ። ባለሱቁ ሠራተኞቹን እንዲህ አድርጎ ያስፈትናል። ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ፈተናው በዛ። ጭንብል አፍንጫቸው ላይ አለ ወይ፣ እጅ ማጽጃ ሰጡሽ ወይ፣ ሙቀትሽን ግንባርሽ ላይ ለኩ ወይ።

ሰባት ቅርንጫፍ ያለው ሱፐርማርኬት ለዲና ይህን ሥራ ሰጣት። የላከቻቸው ዓይናቸውን የተኳሉ ልጆች ግን በሁለት ቀን ተነቃባቸው። ዲና ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ማንም ትኩር ብሎ የማያያት ሴት ማን ናት? የሰው ቤት ዕቃ የምትገዛ ሐበሻ ናት።

"ሀቢብቲ አስካለ፣ ላንቺ የተፈጠረ ሥራ ነው" አለቻት።

እትዬ አስካለ እንቢ ማለት አልቻለችም። አንደኛ፣ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ሁለተኛ፣ የኢቃማው ነገር አለ። ሦስተኛ፣ በዚያ ሰሞን የሚያጸዳ ሰው ቤቱ የሚያስገባ አልነበረም፤ ሁለታችንም ከግድግዳ ጋር ተፋጠን ነበር። በዚያ ላይ ዲና ተስሪህ አወጣችላት፤ በሰዓት እላፊው መንቀሳቀሻ ወረቀት ማለት ነው። ሳይረን ጮኾ አማን በሙሉ በሩን ሲዘጋ እትዬ አስካለ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ባዶውን መንገድ መሀል ለመሀል ትሄድበታለች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለሷ ነው።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ባቋረጥኩት እንግሊዝኛ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሠራተኛው ደንበኛዋን ቀድሞ ሰላም ብሏል ወይ የሚል ነው። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ካለው ጥበቃ ጀምራ እስከ አይብ ቆራጩ ሁሉንም ቀድማ ሰላም ብላለች። ጥያቄው እዚያው ሞተ። ዲና ደውላ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ግቢ፣ እነሱ ይጀምሩ ብትላት፣ በማግስቱ ስዌፍየህ ያለው ቅርንጫፍ በር ላይ ቆማ ሰላምታ ስትጠብቅ ጥበቃው አሟት መስሎት ወንበር አመጣላት። ሁለተኛው ጥያቄ ፈገግታው ከልብ ነው ወይ ይላል።

"አፉ ተሸፍኖ በምን ልየው?" አለችኝ።

"ዓይኑስ?"

"ዓይኑ ደክሞታል። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።"

ጻፍኩ። ዲና እንዲህ ዓይነት መልስ የለም፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው አለች።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር። የማያስቀው የመጨረሻው ሳጥን ነው፤ "ጥፋት ያየሽበት ሠራተኛ ስም" ይላል። ባዶ ከተተወ ቅጹ አይላክም። ስልኩ ቀይ ያሳያል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንቢ ይላል። ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ መውጣት የሚባል ነገር የለውም።

የኻልዳው ቅርንጫፍ ረጀብ የሚባል ግብፃዊ አትክልት መዛኝ ነበረው። "ያ ኻልቲ" ማለት አክስቴ እያለ ደህና ደህናውን ቲማቲም የሚመርጥላት እሱ ነው። መነጽር ያደርጋል፤ ጭንብሉን አፍንጫው ላይ ሲያወጣው መነጽሩ ይጨልምበታል፤ ስለዚህ ዝቅ ያደርገዋል። እትዬ አስካለ የጠየቋትን መለሰች። አፍንጫው ወጥቷል ወይ? ወጥቷል። ስሙ ማነው? ረጀብ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ተመልሳ ስትሄድ ሚዛኑ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። የት ሄደ ብትል፣ አሰናበቱት አሏት። አየር ማረፊያው ዝግ ነው፤ አገሩ መግባት እንኳ አይችልም።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። አራት ቀን ፈለገችውና መሀል ከተማ፣ ደረጃዎቹ ሥር አገኘችው። ጭንብል ይሸጣል። የራሱ ጭንብል አገጩ ላይ ነው።

ይቅርታ ልትጠይቀው ነበር የሄደችው። የእትዬ አስካለ አረብኛ ደግሞ የሁላችንም አረብኛ ነው፤ ከማድ ቤት የተማርነው፣ ግስ የማይረባበት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "አነ፣ ኢንተ፣ ጠረድ" አለችው። እሷ እንዳሰበችው፣ እኔ ነኝ ያስባረርኩህ ማለቷ ነው። እሱ የሰማው እኔም አንተም ተባረርን ብላ ነው። ረጀብ ደነገጠ። አንቺንም? አለ። አልገባውም ብላ ጮክ አድርጋ ደገመችለት፤ በሁለተኛው ዕንባው መጣ። አላህ ከሪም ነው ያ ኻልቲ ብሎ አጽናንቷት፣ አንድ እሽግ ጭንብል በነፃ አሸክሟት፣ ደረጃው ጫፍ ድረስ ሸኛት።

"ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ አጽናንቶኝ መጣሁ" አለችኝ፤ እሽጉን ጭኗ ላይ እንዳደረገች። በማግስቱ ከሷ በሚሻለው አረብኛዬ ልነግረው አብሬያት ሄድኩ። ፖሊስ መንገድ ላይ የሚሸጡትን በትኗቸው ቦታው ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላገኘነውም።

ሥራውን እንዳትተው ኢቃማው የሚታደስበት ወር እየቀረበ ነው። እንዳትቀጥል ረጀብ አለ። በዚህ መሀል አገር ቤት ላሉት ንስሐ አባቷ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እሷ ትጮኻለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

"አባቴ፣ ሳልገዛ የምገዛ መስዬ ገበያ እገባለሁ።"

"ልጄ፣ ገበያ የሄደ ሁሉ እንዲያው ነው።"

"አይደለም አባቴ፣ በሰው ላይ እመሰክራለሁ።"

መስመሩ ጠፋ፣ ተመለሰ። ንስሐ አባቷ፣ በሰው አትፍረጂ፣ ፍርድ ግድ ከሆነብሽ በራስሽ ላይ ፍረጂ ሲሉ ተሰማ፤ ከዚያ ጭራሹን ተቋረጠ። እሳቸው ስብከት መናገራቸው ነበር። እሷ ግን እንደ መመሪያ ወሰደችው።

በሚቀጥለው ቀን ቅጹን ስንሞላ የመጨረሻው ሳጥን ላይ ደረስን። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ጭንብሏን አውርዳ ውኃ ስትጠጣ አይታለች።

"ስሟን ጻፊ፤ ወለተ ሐና" አለችኝ።

"እሷ ደግሞ ማናት?"

"እኔ ነኛ።"

አስካለ ብላ እንዳታጽፍ ዲና ታውቃታለች። ደግሞም፣ "እዚያ ላይ የምጠራው በዚህ ስም ነው፤ ጥፋቱም በዚሁ ይመዝገብ" አለችኝ። ይኼ ውሸት አይደለም ወይ ብዬ ሞገትኳት። እሷ እቴ! "ጥፋቱም እውነት ነው፤ ስሙም እውነት ነው። እኔ ያገናኘኋቸው ብቻ ነኝ" አለች። ስልኩ አረንጓዴ አሳየ፤ ቅጹ ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሰባቱም ቅርንጫፍ የሚያጠፋው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ስዌፍየህ ውስጥ ጓንት ሳታደርግ ወይራ ዘፈነቀች፤ ወለተ ሐና። ኻልዳ ውስጥ ደንበኛ አመናጨቀች፤ ወለተ ሐና። አንድ ጊዜ ስጋ ቤቱ ውስጥ ፂሟን ሳትሸፍን ተገኘች፤ ፂሙ እንኳ ይቅር ብዬ ብለምናት አልሰማችኝም። ዋናው ሙዲር፣ ሥራ አስኪያጁ ማለት ነው፣ ሪፖርቱን እያየ ጸጉሩን ነጨ አሉ። በመዝገብ ላይ እንዲህ የምትባል ሠራተኛ የለችም፤ በየቅርንጫፉ ግን አለች። የሰነድ ክፍሉ ተተራመሰ። በመጨረሻ፣ መዝገቡ ተሳስቶ ይሆናል እንጂ ሪፖርት አይሳሳትም ተብሎ የስንብት ደብዳቤ ተጻፈላት። ማኅተም ያለው ደብዳቤ በየሠራተኛው መግቢያ ላይ ተለጠፈ።

ዲና ፎቶውን አንስታ፣ የድካምሽ ፍሬ ይኸው ብላ ላከችላት። እትዬ አስካለ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

"ተባረርኩ" አለች።

እስቃለሁ ብዬ ቀና ስል ከልቧ አዝናለች። ከተወለደች ጀምሮ ከሥራ ተባርራ አታውቅም። "ሳልሾም ተሻርኩ" አለች፤ ፎቶውንም እንዳይጠፋ በኔም ስልክ አስቀመጠችው።

ቅጹ ግን ስም መጠየቁን አላቆመም፤ እኛም መመለሳችንን አላቆምንም። የተባረረችው ሴት ማጥፋቷን ስትቀጥል ሙዲሩ አንድ ነገር ብቻ ታየው። ሁሉም ሰው በተሸፈነበት ዘመን ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ወለተ ሐና ጭንብል አድርጋ ተደብቃ እየገባች ነው። ጥበቃዎቹ ታዘዙ። በየማለዳው ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ ጭንብሉን ያወርዳል፣ ፊቱ ይታያል፣ ወለተ ሐና አለመሆኑ ይረጋገጣል፣ ይገባል። አርባ ሰው ተጠጋግቶ ፊቱን ገልጦ እየሳለ ይሰለፋል። እትዬ አስካለ ይህን ከውጭ ቆማ አየችና መጥታ አስጻፈችኝ፤ ሁሉም ጭንብል አውልቀዋል። ያስወለቃቸው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሠራተኞቹ ቀስ በቀስ ነገሩን ወደዱት። በአረብኛ ወለዐት ማለት ነገሩ ተቀጣጠለ እንደ ማለት ስለሆነ ስሙ ምላሳቸው ላይ ተመቸ። ዕቃ ሲሰበር፣ ዋጋ ሲሳሳት፣ በር ሳይዘጋ ሲቀር ወለተ ሐና ናት ይባላል። እትዬ አስካለ ሒሳብ ልትከፍል ሰልፍ ውስጥ ቆማ ስሟ ሲነሳ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።

አንድ ሐሙስ ዲና ሰማንያ ስምንቱን ደረጃ ወጥታ ቤታችን መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ሙዲሩ ይህችን ሴት በአካል ካላገኘሽልኝ ውሉን እሰርዛለሁ ብሏታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያየሻት አንቺ ነሽ፣ መልኳን ንገሪኝ አለች። የእትዬ አስካለ ኢቃማ ሊታደስ የቀረው ዐሥራ አንድ ቀን ነበር። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። አንድ ቃል ብቻ ብትዋሽ ያልፋል፤ ወፍራም ናት፣ ቀይ ናት ብትል ዲና ጽፋ ትሄዳለች።

እትዬ አስካለ ተነሳች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሰላምታዋ ግማሽ ወገቧን ጎንበስ አለች።

"አነ" አለች። እኔ ነኝ።

ዲና ጭንብሏን አወረደች። ለምን እንዳደረገችው ስትጠይቃት ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። እትዬ አስካለም በዚያው በማድ ቤት አረብኛዋ መለሰችላት፤ እኔ በአማርኛ ልመልሰው።

"ሰማያዊውን የአበባ ማስቀመጫ ማን ሰበረው?"

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ዲና ሰብራው፣ እትዬ አስካለ እኔ ነኝ ብላ፣ ማዳም ወር ሙሉ አኩርፋት ኖራለች። በዚያ ቤት የሰበረው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር።

"ላንቺ የሆነ ለነሱ ቢሆን ምነው?" አለቻት።

ዲና መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ስለ ፂሙ ሪፖርት ትዝ አላትና እያለቀሰች ሳቀች። ለሙዲሩም፣ ወለተ ሐና ጠቅልላ አገሯ ገብታለች ብላ ጻፈችለት። አየር ማረፊያው ከተዘጋ ወራት አልፈውታል፤ ማንም ይህን አላሰበም። እናቷን ራሷ አስፈርማ ኢቃማውን በእጇ አመጣች። ሥራው በዚያው ቀረ።

እትዬ አስካለ ግን ደስ አላላትም። "ይቺንም ልጅ ውሸታም አደረግኋት" ትላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳታስበው፣ "ረጀብስ?" ትላለች። የሰጣትን እሽግ ሳትከፍተው ነው የሞተችው፤ ዕቃዋን ስናይ በነጠላዋ ተጠቅልሎ አገኘነው።

እኔ ወለተ ሐና የሚለውን ስም ያወቅሁት እንዲህ ነው። ዲያቆኑ ስሙን ይዞ ወደ ቄሱ ገባ። በማወቅም ባለማወቅም የሠራችውን ኃጢአት ይቅር እንዲላት በዚያ ስም ሲጸለይ፣ ወይራው፣ የውኃ ጠጪዋ፣ የፂሙ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር መዝገቡን ሲገልጥ የዚህን ሁሉ ባለቤት እንዴት እንደሚለይ እሱ ያውቃል። ወንድሟ ደግሞ በስልክ የሚያለቅሰው፣ በሰው አገር ስሟን የሚጠራላት የላትም እያለ ነበር።

ለአርባዋ የሚሆን ዕቃ ልገዛ ኻልዳው ቅርንጫፍ ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ አዲስ ልጅ ናት፤ ከጭንብሏ በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ከኋላዬ መክዱስ የሚሉት የባዲንጃን ማሰሮ ከመደርደሪያ ወድቆ ተንኮታኮተ፤ ዘይቱና የተሞላው ባዲንጃን እግራችን ሥር ድረስ ፈሰሰ። ልጅቷ ቀና ሳትል፣ "ወለተ ሐና!" አለች። ከአትክልቱ በኩል አንዱ ተቀበላት፤ ከአይቡም በኩል ሌላው። ሁሉም ሳቁ።

"ነፍሷን ይማር" አልኩ በአማርኛ።

ልጅቷ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። እኛ እንዲሁ ለጨዋታ ነው የምንላት፣ ከኔ በፊት ነበረች ይላሉ፣ አንቺ ታውቂያታለሽ? አለች።

"እዚህ ትሠራ ነበር" አልኳት።